ፊልሙን በቃላችን የምናውቅ፣ ቃሉን የማንይዝ

«ጥቅስ አይያዝልኝም። ጭንቅላቴ ተቀብሎ አያስቀምጥም።» ይህ አባባል ያልተሰማበት ጉባኤ የለም። በወጣቶች ኅብረት እንሰማዋለን፣ በቤት ለቤት ጥናት እንሰማዋለን፣ ከመዘምራንም ከሽማግሌዎችም አፍ እንሰማዋለን። ከዚያ ይኸው ሰው ከጉባኤ ወጥቶ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርድ ባጃጅ ከጓደኛው ጎን ይቀመጥና የሚወደውን ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተርክለታል። ማን ምን እንዳለ፣ ሌላው ምን ብሎ እንደመለሰ፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደተናገረ፣ የት ላይ ዝም እንዳለ አንዲት አያስቀርም። ጓደኛውም ዝም ብሎ አይሰማም። ቀጣዩን ንግግር ቀድሞት ይናገራል። ሲቀላ እስኪደርሱ ድረስ ሁለቱ ሆነው ፊልሙን ይጨርሱታል።

ወገኖች፣ አይያዝልኝም ያለው ጭንቅላት የትኛው ነው?

እውነቱን እንነጋገር። በየከተማችን ቪዲዮ ቤት በነበረበት ጊዜ ልጆች ሆነን አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ራምቦን አይተናል፣ ኮማንዶን አይተናል፣ የሕንድ ፊልም አይተን አልቅሰናል። እንግሊዝኛውንም ሂንዲውንም አናውቅም ነበር። ሆኖም ከመደጋገም ብዛት ትርጉሙን የማናውቀውን ንግግር በድምፁ ብቻ ይዘን መንደር ለመንደር እንለው ነበር። በኋላ የአማርኛ ፊልሞች መጡ። «የወንዶች ጉዳይ»ን ደጋግሞ ያየ ሰው ቀልዱን ከተዋናዮቹ እኩል ይጫወተዋል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ቤታችን ገቡ። ስንት ቤት ነው የራት ሰዓቱን በድራማው ያስተካከለው! ዛሬ ደግሞ ሁሉም በስልክ ውስጥ አለ። የምንወደውን ክፍል ብቻ መርጠን አሥር ጊዜ እንመልሰዋለን።

እንግዲህ እግዚአብሔር የማስታወስን ችሎታ ሰጥቶናል። ፊልሞቹ መስክረውብናል።

ይህን ስንል ፊልም ሁሉ ከሰይጣን ነው ብለው ከመድረክ ከሚያወግዙ ጋር አንቆምም። ጳውሎስ በአቴና ቆሞ ሲሰብክ ከአሕዛብ ባለቅኔዎች ቃል ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)። ለቲቶ ሲጽፍም የቀርጤስን ሰው አባባል አንሥቷል (ቲቶ 1፥12)። የዘመኑን ሰዎች ንግግር ያውቅ ነበር፤ ማወቁም አላረከሰውም። ነገር ግን መልእክቶቹን አንብቡ። ከአሕዛብ ባለቅኔዎች የጠቀሰው በጣት የሚቆጠር ሲሆን ሕጉን፣ ነቢያትንና መዝሙራትን ግን በየገጹ ያፈስሰዋል። የእኛ ሚዛን ተገልብጧል። የፊልሙ ንግግር ይፈስሳል፤ የእግዚአብሔር ቃል በጣት ይቆጠራል።

የኢየሱስን ፊልም እንኳ እንውሰድ። በ1979 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ከ2,000 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተተረጎመ ፊልም የለም። በአገራችንም በጄኔሬተር እየበራ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ እየታየ ብዙ ሺህ ሰው ስለ ጌታ የመጀመሪያውን ወሬ ሰምቶበታል። ስለዚህ ጌታን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ያ ፊልም የተሠራው ከሉቃስ ወንጌል ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ፊልም 24 ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ፊልሙን ሃያ ጊዜ አይቶ የሉቃስን ወንጌል አንድ ጊዜ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ያላነበበ አማኝ በመካከላችን አለ። ፊልሙ እንደ ደጅ ነበር። ደጁን ሲያደንቅ የሚኖር እንግዳ ወደ ቤቱ መቼ ይግባ?

አሁን ለዚህ ነገር የሚሰጡንን ሁለት መልሶች እንመርምር።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «በቃል ማጥናት ደረቅ ልማድ ነው፤ እኛ በመንፈስ እንመራለን፤ በሚያስፈልገን ጊዜ መንፈስ ቅዱስ ይሰጠናል።» ሲሰሙት መንፈሳዊ ይመስላል። ጌታ የተናገረው ግን መንፈስ ቅዱስ እርሱ የነገረንን እንደሚያሳስበን ነው (ዮሐ. 14፥26)። ማሳሰብ ቀድሞ ለሰማ ሰው ነው። ያልሰማነውንና በልባችን ያላስቀመጥነውን ምኑን ያስታውሰናል? በየኔታ ፊት ተቀምጦ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የሚደግም የቆሎ ተማሪ ስናይ «ምን ያደርጋል፣ በቃሉ ነው እንጂ አልገባውም» የምንል አለን። እሺ፣ ለእኛ ገብቶናል እንበል። የገባን የትኛው መዝሙር ነው? አንዱን ብቻ፣ መጽሐፍ ሳንገልጥ፣ እስከ መጨረሻው እንበለው እስቲ።

ሁለተኛው መልስ የዘመኑ ነው፦ «መጽሐፍ ቅዱስ ስልኬ ላይ አለ፤ ስፈልግ እከፍተዋለሁ።» በስልክ መኖሩ በረከት ነው፤ አንቃወምም። ሆኖም በታመሙ ሰዎች አልጋ አጠገብ ቆመን ያየነውን እንናገር። እናት ታማለች። ሌሊት ነው። ዓይኗ አያይም፤ ጆሮዋ ግን ይሰማል። ልጆቿን «ቃሉን በሉልኝ» ትላቸዋለች። ልጆቿ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፣ ስልክ ይፈልጋሉ፤ የአንዱ ባትሪ አልቋል፣ ሌላው የት ምዕራፍ እንደሚከፍት አያውቅም። በዚያች ሰዓት እናትን የሚያጽናና ቃል ከልጅ አፍ አልወጣም። ክፋት የለባቸውም፤ እናታቸውን ይወዳሉ። ያጠራቀሙት ግን ለዚያች ሌሊት የሚሆን አልነበረም። ጌታ ራሱ አፍ የሚያወጣው በልብ የተከማቸውን እንደሆነ ነግሮናል (ሉቃ. 6፥45)።

ጌታችን በምድረ በዳ ሲፈተን የመጽሐፍ ጥቅልል በእጁ ይዞ ነበር ተብሎ አልተጻፈልንም። ለሦስቱም ፈተና ከኦሪት ዘዳግም መለሰ (ማቴ. 4፥1-11)። በመስቀል ላይ እጆቹ በተቸነከሩበት ሰዓት ከአፉ የወጣው ከመዝሙር 22 እና ከመዝሙር 31 ነበር። ዮናስም በዓሣው ሆድ ውስጥ ሆኖ የጸለየው ጸሎት በመዝሙራት ቃል የተሞላ ነው። በዚያ ጨለማ ማን መጽሐፍ ይገልጣል?

ይህ በሩቅ አገር ብቻ የሆነ አይደለም፤ የእኛ የደቡቡ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ነው። በ1929 ዓ.ም. በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲባረሩ ትተው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አማኞች ቆዩአቸው። አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። በእጃቸው የነበረውም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። ከእነዚህ መካከል የተነሡ ወንጌላውያን ናቸው ተራራውን ወጥተው ወደ ጋሞና ጎፋ ምድር የዘለቁት። ዛሬ በሴቻ በየእሑዱ የምንሰበሰበው እኛ የዚያ ዘር ፍሬ ነን። በደርግ ዘመንም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ ሕንፃው ተወርሷል፣ መጽሐፉም ተወስዷል። በልብ የተያዘውን ግን ማንም ካድሬ ፈትሾ ሊያገኘው አልቻለም። እኛ ያን የመሰለ ፍተሻ ዛሬ ቢመጣብን የሚተርፈን ምንድን ነው? የቱርክ ድራማ?

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቃልን በቃል መያዝ ብቻውን ማንንም አያድንም። በዚያው በምድረ በዳ ዲያብሎስም ከመዝሙር 91 ጠቅሷል፤ እርሱም ያውቀዋል። በጥቅስ ውድድር ሽልማት ወስዶ በሳምንቱ የሚረሳ ልጅም አለ። ስለዚህ አዲስ ሕግ ልናወጣ፣ «በሳምንት አምስት ጥቅስ ያልያዘ አማኝ አይደለም» ልንል አይደለም።

ይልቅ ከፊልሙ እንማር። ያን ፊልም በቃላችሁ ያዙ ብሎ ያዘዘን የለም። ፈተና አልተፈተንበትም፣ ሽልማትም አልተሰጠንበትም። የያዝነው ስለ ወደድነው ነው። ደግሞም ቆራርጠን አላየነውም፤ ሙሉ ታሪኩን፣ ከሰው ጋር፣ በድምፅ፣ ደጋግመን ሰማነው። መጨረሻውን እያወቅን እንኳ እንደገና ተቀመጥን። ጥቅስ የማይያዝልን ከታሪኩ ነቅለን፣ ብቻችንን፣ እንደ ቤት ሥራ ስለምንይዘው ነው። እግዚአብሔር ግን እስራኤልን ቃሉን በቤት ስትቀመጡ፣ በመንገድ ስትሄዱ፣ ስትተኙና ስትነሡ ተጫወቱት ብሎ ነው ያዘዛቸው (ዘዳ. 6፥6-7)። ይህ የባጃጁ ጨዋታ ዓይነት ነው።

እንግዲያስ እንዲህ እናድርግ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው። ጮክ ተብሎ ቢነበብ የአንድ ፊልም ያህል ጊዜ ቢወስድ ነው። በአንድ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥኑ ይጥፋና ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየተቀባበለ ያንብበው። ማንበብ የማይችሉ አያት ቢኖሩ በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብላቸው፤ በጋሞኛ የሚሰማ ጆሮ በጋሞኛ ይስማ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና፣ በሦስተኛውም እንደገና። የፊልጵስዩስ መልእክት ደግሞ አራት ምዕራፍ፣ 104 ቁጥር ብቻ ነው፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። በየቀኑ ለአንድ ወር ስሙት። ከወሩ በኋላ ልጆቻችሁ ቀጣዩን ቃል ቀድመዋችሁ ሲናገሩ ታያላችሁ።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችንም ከዚሁ ጀምሩ። ስለ ኢየሱስ ሌሎች የሠሩትን ፊልምና የተናገሩትን ወሬ ብዙ ሰምታችኋል። እርሱ ራሱ የተናገረውን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ስሙ፤ ከዚያ ፍረዱ።

«አይያዝልኝም» የሚለውን ቃል ግን ከዛሬ ጀምሮ ከአፋችን እናውጣው። የወደድነውን እንይዛለን። እስካሁን ያልያዝነው ምን ያህል እንዳልወደድነው ያሳያል፤ ንስሐም የሚገባን በዚህ ነው። የሚደርስ ሌሊት አለ። የታመመ ሰው ቃል የሚጠይቅበት፣ ስልክም የማይበራበት ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት ጌታ በአፋችን የሚያገኘው የራሱን ቃል ይሁን።

ቃሉን በልባችን ይጻፍልን። አሜን።