ስም መለጠፍ ሌብነትን አያጠፋም



በሰፈራችን የሞባይል ንጥቂያና የሱቅ ስርቆት በመብዛቱ፣ የተጠረጠሩ ወጣቶች ስም በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ከአንዳንድ አባላት ጥያቄ ቀርቧል። የተሰረቀ ሰው ቢበሳጭ አይፈረድበትም። ከመኪና ግርግር ልብስ አሰፍታ ስትመለስ ቦርሳዋን የተነጠቀች እናት “ታገሺ” ቢሏት አይዋጥላትም። ቢሆንም ሰሌዳው ለዚህ ተግባር መዋል የለበትም እንላለን።

አንደኛ፣ ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ደንግጓል። ያልተከሰሰውንማ ማን ወንጀለኛ አደረገው? ቀደም ባለው ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። በወሬ የተዘጋጀ ዝርዝር ከዚያ በምን ይሻላል?

ሁለተኛ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ “ሌባ” የሚለውን ስም ግን የሚያወጣው ሰፈር ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሃዋርድ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ ሰው አጥፊ ተብሎ በይፋ ከታወቀ በኋላ ጨዋው ይርቀዋል፣ ሥራ ያጣል፣ የሚቀበሉት መሰሎቹ ብቻ ይሆናሉ። እስቲ እንጠይቅ፦ ስሙ የተለጠፈውን ልጅ ነገ ማን ሱቁን ያስጠብቀዋል? ማንስ ባጃጁን ያስነዳዋል?

ሦስተኛ፣ ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ሞባይል በርካሽ የሚገዛ ሰውም በወንጀል ሕግ ይጠየቃል። የእሱን ስም ለመለጠፍ ግን ማንም አልጠየቀም።

ታዲያ ዝም ብለን እንዘረፍ? በፍጹም! ሌላው ምሁር ትራቪስ ሂርሺ እ.ኤ.አ. በ1969 ጥያቄውን ገልብጦ፣ አብዛኛው ሰው ለምን አያጠፋም ሲል ጠይቋል። መልሱም ከቤተሰብ፣ ከትምህርት ቤትና ከሥራ ጋር ያለው ትስስር ስለሚይዘው ነው የሚል ነው። ይህ ለሐረር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የጁገል አምስት በሮች በሌሊት ይዘጉ በነበረበት ዘመን በሩ የሚከለክለው የውጭውን ነበር፤ የውስጡን የሚይዘው የጎረቤት ዓይንና ይሉኝታ ነው። ዛሬም አፎቻችንና እድራችን ከለቅሶ የቀረውን አባል “ምነው፣ ምን ገጠመህ?” ብለው ይጠይቃሉ። ትምህርት አቋርጦ አደባባይ የሚውለውን ልጅስ ማን ጠየቀው?

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

የተሰረቀ ሰው ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ያመልክት፤ ያየም ሰው “የኔ ጉዳይ አይደለም” ሳይል ይመስክር።

ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዕቃ ማንም አይግዛ።

እያንዳንዱ አፎቻና እድር ሁለት ሽማግሌዎች መርጦ፣ ልጁ ፖሊስ ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ከወላጆቹ ጋር ያነጋግሩት።

ልብስ ሰፊዎችና ባለሱቆች ደግሞ የቻላችሁ አንድ አንድ ልጅ ሥራ ለማስለመድ ተረከቡ።

ሰሌዳችን የለቅሶ፣ የሠርግና የስብሰባ ማስታወቂያ ይበቃዋል። ልጆቹ የእኛው ናቸው፤ የሚሰርቀውም የሚሰረቀውም በአንድ መንገድ ነው የሚያልፈው።