ቆላ ላይ የሚያገለግል መምህር ለምን በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል?

ሰኔ በመጣ ቁጥር በመምህራን ዘንድ የምትነሳ አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ዘንድሮ ትመዘገባለህ ወይስ ታልፈዋለህ?» ብዙ ሰው ነገሩን የፍላጎት ጉዳይ ያደርገዋል። ጎበዝ ይማራል፣ ሰነፍ ያልፋል ይባላል። ለእኔ ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው። በተለይ እንደ አብደራፊ ባለ ቦታ ሒሳቡ ገና ከመጀመሪያው የተበላሸ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። በአገራችን ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪ የሚሰጠው ዋናው የገንዘብ ድጋፍ «የወጪ መጋራት» የምንለው ነው። በ1995 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 91 ተጀምሮ በ2000 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 154 ተሻሻለ። አሠራሩ ግልጽ ነው። መደበኛ ተማሪ ሲገባ ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም የተወሰነ ድርሻ ሊከፍል ይስማማል። ግን ያን ዕለት ከኪሱ የሚያወጣው የለም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጥበታል። በመምህርነት የሠለጠነ ከሆነ ደግሞ ዕዳውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍል መንገድ ተከፍቶለታል።

አሁን ወደ ክረምት ተማሪው እንምጣ። እሱ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ኮታ ደርሶት መንግሥት የሚያስተምረው ነው። የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ እሱም የአገልግሎት ግዴታ ይፈርማል። ሌላው ኮታ ያልደረሰው፣ በግሉ የሚማረው ነው። ይህኛው በክሬዲት ሰዓት ተሰልቶ ሲመዘገብ ይከፍላል። «ተምሬ ስጨርስ ቁረጡብኝ» የሚልበት ቅጽ የለም። «በአገልግሎት ልክፈል» የሚልበትም የለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ገና ያላስተማረ የ19 ዓመት ወጣት «ወደፊት አስተምራለሁ» ስላለ ዕዳው በአገልግሎት ይታሰብለታል። ወባና ካላዛር ባለበት፣ ሙቀቱ በሚያነድበት ቆላ ላይ ዓመታት ያስተማረው መምህር ግን ጥሬ ገንዘብ ይዞ እንዲመጣ ይጠየቃል። ተስፋ ዋጋ አግኝቶ የተፈጸመ አገልግሎት ዋጋ ያጣበት አሠራር ነው።

የመክፈያው ወቅት ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል። አብደራፊን የሚያውቅ ሰው ክረምት እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰሊጡ የሚዘራው፣ የሚታረመው በእነዚህ ወራት ነው። ሳሉጉ ከደጋው የሚወርደው በዚሁ ጊዜ ነው። ባለሀብቱም፣ ገበሬውም፣ በሽርክና ትንሽ መሬት የያዘው የመንግሥት ሠራተኛም ያለውን ብር መሬት ውስጥ የሚቀብረው አሁን ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ገበያ ወጥቶ ብር የሚሆነው ከጥቅምት በኋላ ነው። የምዝገባ ክፍያ የሚጠየቀው እንግዲህ በከተማው ኪስ ሁሉ ባዶ በሆነበት ሰሞን ነው። በዚህ ሰሞን የሚገኝ ብድር ደግሞ የአራጣ ብድር ነው፤ ወለዱ በኅዳር ከሰሊጡ ላይ ይነሳል።

«ደመወዙ እየተከፈለው አይደል እንዴ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ይከፈለዋል። ግን ጎንደር ወጥቶ ቤት ይከራያል፣ ይበላል፣ ይሳፈራል፤ አብደራፊ ላይ ደግሞ ሚስትና ልጆች አሉ። አንድ ደመወዝ ሁለት ቤት ያስተዳድራል ማለት ነው። ይህ ኮታ የደረሰውንም ይነካል፣ ክፍያው ተሸፈነለት ማለት ኑሮው ተሸፈነለት ማለት አይደለምና።

ሌላም አለ። መደበኛ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ቢያመልጠው በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ይጠብቀዋል። ለክረምት ተማሪ አንድ ክረምት አመለጠው ማለት ሙሉ ዓመት አለፈው ማለት ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋ፣ ከሳንጃ ወዲያ መኪና አልወጣም ሲባል መምህሩ በምን ጥፋቱ ነው ዓመቱን የሚያጣው?

ሌላው ዓለምስ ምን ያደርጋል? አሜሪካን እንይ። ዝቅተኛ ገቢ ላለው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጥ «ፔል ግራንት» የሚባል፣ የማይመለስ የመንግሥት ድጋፍ አላቸው። ለረጅም ጊዜ የተሰላው በበልግና በጸደይ ለሚማር ተማሪ ነበር። የዓመቱን ድጋፍ በሁለቱ ሴሚስተር የጨረሰ ተማሪ ክረምት ላይ ከኪሱ ካልሆነ ከየትም አያገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮንግረሱ አሠራሩን መለሰው፦ ክረምት ላይ ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ ሆኖ ለተመዘገበ፣ የዓመቱ ድጋፍ እስከ 150 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በእርግጥ ጠቅላላው ዘመን በ12 ሴሚስተር የተገደበ ስለሆነ ክረምት ላይ የወሰዱት ከዚያው ይቀነሳል። እዚያ ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን ይህን አስታውሷቸው።

እኛ የእነሱን ገንዘብ የለንም፣ ከእነሱ ጋር መወዳደርም አያምረንም። ቁም ነገሩ ግን ብሩ ላይ አይደለም። ክረምትን እንደ ትርፍ ሰዓት ሳይሆን እንደ ትምህርት ዓመቱ አካል መቁጠራቸው ላይ ነው። የእኛ ደንብ የክረምት ተማሪን እስካሁን አልቆጠረውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከአዲስ በጀት በፊት ሊደረጉ የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

1ኛ. የወጪ መጋራት ውል በግሉ ለሚማር የክረምት መምህርም ይፈቀድለት። አገልግሎቱም ይታሰብለት፤ በተለይ ቆላና ጠረፍ ላይ የቆየበት ዓመት።

2ኛ. ይህ እስኪሆን ድረስ የክፍያው ቀን ይገፋ። ግማሹ እንኳን ለኅዳርና ለታኅሣሥ ቢተላለፍ ብዙ ሰው ከአራጣ ይድናል።

3ኛ. በመንገድ መዘጋት የቀረ ተማሪ ቦታውም ክፍያውም ይያዝለት። ከተቻለ ደግሞ መምህራኑ ሁሉ ወደ ጎንደር ከሚወጡ አስተማሪዎቹ ወደ ገንዳ ውኃ ይውረዱ።

ዩኒቨርሲቲዎች የሚያነሱት ስጋት አለ፤ «ብሩ ካልገባ በምን እናስተምራለን? ብድሩስ ይመለሳል ወይ?» ይላሉ። የራሳችሁን ገቢ አመንጩ በሚባሉበት በዚህ ዘመን ስጋታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሁሉ ተበዳሪ የማይጠፋው መምህር ነው። ተመርቆ ሥራ አጥቶ የሚንከራተተውን ወጣት ፈልጎ ማስከፈል ይከብዳል። መምህሩ ግን ደመወዙ በየወሩ በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋል። ከዚያ መቁረጥ የአንድ ደብዳቤ ሥራ ነው። መንግሥት ማንንም ሊያምን ከቻለ፣ ደመወዙን በእጁ የያዘበትን ሰው ማመን እንዴት ያቅተዋል?

የመምህራን የትምህርት ደረጃ ይደግ እየተባለ ነው፤ ይደግ። ነገር ግን ደረጃውን የሚጠይቅ አካል መሰላሉንም ያቅርብ። አለበለዚያ የሚማረው ከተማ አጠገብ ያለው ብቻ ይሆናል፣ የተማረውም ወደ ቆላ አይመለስም። በመጨረሻ ዕዳውን የሚከፍለው አብደራፊ ላይ ዴስክ ላይ ተቀምጦ አስተማሪ የሚጠብቀው ልጅ ነው።