ስለ ሞተረኛው እጅ

በዚህ መጽሔት ስለ ታላላቅ ጉዳዮች መጻፍ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ዐሥር ጣቶች ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መቀመጧን ለመረዳት ካርታ መግለጥ አያስፈልግም፤ በታኅሣሥ ወይም በጥር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መናኸሪያ መውጣት ይበቃል። ወደየአገራችን ለመሳፈር የምንነሣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚያ ሰዓት የሚደርስልን ሞተረኛው ነው። እኛ በጀርባው ተከልለን እጃችንን በጋቢያችን ውስጥ እንሸሽጋለን። እርሱ ግን ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው። ከዶዮገና ወይም ከአንጋጫ ሰው ጭኖ በማለዳ የሚመጣውማ እንዴት እንደሚሆን እርሱ ይንገረን!

ብዙዎቻችን በደሉን ሁሉ በብርዱ ላይ እንጭናለን። ዋናው ሌባ ግን ነፋሱ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳ እንኳ ሞተረኛው እየነዳ የራሱን ነፋስ ይፈጥራል። በቆዳችን ዙሪያ ሞቅ ያለ ስስ የአየር ሽፋን አለ፤ ነፋሱ ይህን እየገፈፈ ይወስደዋል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ስሌት፣ አየሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በተገለጠ ቆዳው ላይ የሚሰማው 6 ዲግሪ ያህል ነው። ሰውነትም የውስጥ ሙቀቱን ለመጠበቅ የጣቶቹን የደም ሥሮች ያጠብባል። አባቶቻችን ቆፈን የሚሉት ይኸው ነው። ስለዚህ ደረቱ የበረደው ሰው ጓንት ቢያጠልቅም ጣቱ ቶሎ አይሞቅም፤ ከጃኬቱ ሥር ደረቱ ላይ የሚዘረጋ አሮጌ ጋዜጣ እንኳ ለጣት ይጠቅማል።

ታዲያ ቆፈን የምቾት ጉዳይ ብቻ ነውን? አይደለም። የፊቱ ፍሬን የሚያዘው በቀኝ እጅ ጣቶች፣ ፍሪሲዮኑ ደግሞ በግራ ነው። ሞተር በድንገት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ የበለጠው የማቆም ኀይል የሚገኘው ከፊተኛው ጎማ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ1 ሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ቆፈን የያዘው ጣት በግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ 5 ሜትር ተኩል አለፈ ማለት ነው። በገበያ ቀን ማለዳ፣ አህዮችና ቆጮ የተሸከሙ እናቶች መንገዱን በሞሉበት ሰዓት፣ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እንግዲህ በእጁ ላይ ፌስታል ያጠለቀ ሞተረኛ ሲያልፍ የሚስቁ ጓደኞቻችን አሉ። ፊዚክስ ተምሮ በዚህ መሳቅ ያሳፍራል። ፌስታሉ ነፋስ አያሳልፍም፤ የሚያምረው የሹራብ ጓንት ግን ብቻውን ሲሆን እንደ ወንፊት ነው፤ ጠል ከነካው ደግሞ የባሰ ነው፤ ውሃ ሙቀትን ከአየር ይልቅ ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋልና። ሹራቡ ከውስጥ፣ ፌስታሉ ከላይ ቢሆን ይሻላል። በርግጥ ፌስታል ያንሸራትታል፤ ላብም ያምቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ስልክ ለመነካካት ጣቱ የተቆረጠው ጓንት ነው።

የተሻለ መላ አለ። በቻይና ከተሞች በብርድ ወራት በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄዱ ሰዎች ከመሪው ላይ ወፍራም ድርብ ጨርቅ አስረው እጃቸውንም ጉልበታቸውንም ይከልላሉ። ለእኛ አገር አሮጌ ጀሪካን ይበቃል። ጀሪካኑን ቀድዶ፣ ጎበጥ ያለውን ክፍል ከእጅ ፊት እንደ ጋሻ በመሪው ላይ ማሰር ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም ማዳበሪያ ግን አይሁን፤ ነፋሱ ገፍቶ የፍሬኑን እጀታ ሊጫነው ይችላል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር፣ ነዳጅ መስጫውም ሲለቀቅ በራሱ ሲመለስ፣ ምንም እንዳይነካ መመልከት ያስፈልጋል።

ይህን ለመሥራት መቀስ፣ መሰርሰሪያና ጥቂት ብሎን ይበቃል። ስለዚህ የምህንድስና ተማሪዎች ጓደኞቻችን አንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲሰጡን፣ የተማሪዎች ማኅበሩም ከሞተረኞቹ ጋር ተነጋግሮ ኅዳር ሳይገባ በሁለት ወይም በሦስት ሞተሮች ላይ እንዲያስሞክር እንጠይቃለን። አስተያየታቸው ከእኛ ስሌት በፊት ይሰማ፤ መንገዱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

እስከዚያ ድረስ እኛ ተሳፋሪዎች ዐሥር ደቂቃ ቀድመን እንውጣ፤ «ቶሎ በል፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው» ማለቱም ይቅር። ሞተረኛው ቆም ብሎ እጁን በብብቱ ሥር ቢያሞቅ እንታገሠው። ወደ ጭስ ማውጫው ሲያስጠጋ ያየነው እንደ ሆነ ግን እንከልክለው፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን ቶሎ አያውቅምና።

ጀሪካኑ ቢጫ ቢሆን እንመርጣለን፤ በጭጋግ ውስጥ ከሩቅ ይታያል።