«ሁሉም አንድ ነው» ለሚሉ ስለ ህንድ ፍልስፍና የተሰጠ መልስ

በከተማ በተማሩ ሰዎች ዘንድ እየተወደደ የኼደ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የህንድ ሃይማኖቶች ሁሉ በሥራቸው አንድ ናቸው፤ ከወንጌልም የሚለያቸው ስምና ሥርዐት ብቻ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ባሕር የሚፈሱ ወንዞች ናቸው ማለት ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አሳብ የላቸውም፤ ሰላምን ወደው ይናገሩታል። ነገር ግን ሰላም የሚገኘው ሌላው ሰው የሚለውን አጥርቶ በመስማት ነው እንጂ ያላለውን በአፉ በማኖር አይደለም።

ማስረጃ አድርገው የሚያመጡትም ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ መጽሐፍ ነው። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1553 ዓመት፥ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው መጽሐፈ በረላም ወይዋስፍ የአንድ የህንድ ንጉሥ ልጅን ታሪክ ይናገራል። አባቱ ሕማምንና ሞትን እንዳያይ በአዳራሽ ዘግቶ አሳደገው፤ ልጁ ግን ወጥቶ ሕመምተኛና ዕውር፥ ሽማግሌም አየ፤ በኋላም መንግሥቱን ንቆ መነነ። የቋንቋ ሊቃውንት መርምረው ይህ ታሪክ ከቡድሃ ታሪክ የመጣ መኾኑን፥ ይዋስፍ የሚለውም ስም ቦዲሳትቫ ከሚለው የህንድ ቃል የወጣ መኾኑን አስረድተዋል። በዐረብ ጽሕፈት «በ» እና «የ» በነጥብ ብቻ ስለሚለዩ ቡዳሳፍ የነበረው በገልባጮች እጅ ዩዳሳፍ ኾነ፤ ከዚያም ይዋስፍ ተባለ። «እንግዲህ በህንድ የሚከበረው በኢትዮጵያ ገዳም ከተነበበ ልዩነቱ ምንድር ነው?» ይላሉ።

ይህን የሚጠይቅ ሰው መጽሐፉን ጀምሮ አልፈጸመውም። በህንዱ ታሪክ ልዑሉ ሽማግሌውን፥ በሽተኛውንና ሬሳውን አይቶ መወለድ ራሱ የመከራ መጀመሪያ ነው ወደ ማለት ደረሰ፤ የፈለገውም ዳግመኛ የማይወለድበትን መንገድ ነው። በግዕዙ መጽሐፍ ግን በነጋዴ ልብስ ተሰውሮ የገባው መነኵሴ በረላም ፈጣሪንና የሙታንን ትንሣኤ ያስተምረዋል። አንዱ ወደ ሥጋ እንዳይመለስ ይመንናል፤ ሁለተኛው ሥጋው በክብር ይነሣ ዘንድ ይመንናል። ቅኔ የተማረ ሰው ሁለት ቅኔ በአንድ ሰም ተቀኝተው ቢያገኝ ወርቃቸው አንድ ነው ብሎ አይፈርድም። (በነገራችን መካከል ስለ ስሙ አንድ ቃል ይነገር። በኢትዮጵያ ቡዳ የሚለው ስም ሰው የሚነወርበት ስለ ኾነ ቡድሃ ሲባል ሰምቶ የሚሥቅ አለ። የህንዱ ቃል «የነቃ» ማለት ነው፤ በድምፅ ተቀራረቡ እንጂ አይዛመዱም። ወደዚሁ ነገር በኋላ እንመለስበት ዘንድ ግድ ነው።)

አሁን ህንዶች ራሳቸው የሚሉትን መስማት ነው። ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ በሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ በ6ኛው ክፍል ኡዳላካ የሚባል ሊቅ ልጁን ሽቬታኬቱን ጨው በውሃ ውስጥ እንዲጨምር ያዝዘዋል። በማግሥቱ ጨውን እንዲያመጣ ቢጠይቀው ልጁ ፈልጎ አጣው፤ ከላይም ከመካከልም ከታችም ቢቀምሰው ግን ሁሉም ጨው ጨው ይላል። አባቱም የማይታየው ህላዌ እንዲሁ በሁሉ እንዳለ፥ የልጁም ማንነት ከዚያ ህላዌ ሌላ እንዳይደለ አስተማረው። በ8ኛው መቶ ዓመት ግድም ከኬራላ የተነሣው ሻንካራ ከዚህ ተነሥቶ አድቫይታ የሚባለውን ትምህርት አጸና፤ ቃሉ «ሁለት ያይደለ» ማለት ነው። በርሱ ዘንድ አትማን፥ ይኸውም የሰው ውስጣዊ ማንነት፥ ብራህማን ከሚሉት ከፍጹሙ ህላዌ ጋራ ፈጽሞ አንድ ነው። ተለይቶ መታየቱ ባለማወቅ ነው፤ ሰው በድንግዝግዝ የወደቀ ገመድ አይቶ እባብ ነው ብሎ እንደሚደነግጥ።

ይህን ሰምቶ «አድቫይታ በኛ ቋንቋ ተዋሕዶ ማለት ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ተዋሕዶ ከሁለት አካል አንድ አካል፥ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ መኾን ነው፤ ያለ ቱሳሔ፥ ያለ ሚጠት፥ ያለ ውላጤ። ቃል ሥጋን በተዋሐደ ጊዜ ሥጋ አልጠፋም፤ ሕልምም ነበረ አልተባለም። ሻንካራ ግን ሁለቱ አንድ ኾኑ አይልም፤ ሁለት ከቶ አልነበሩም ይላል እንጂ። ተዋሕዶ በክርስቶስ የተፈጸመ ምሥጢር ነው፤ አድቫይታ ስለ ማንኛውም ሰው የሚነገር ነው።

ሻንካራንም አጥብቀው የነቀፉት የውጭ ሰዎች አይደሉም። ከርሱ በኋላ የተነሣው ራማኑጃ ነፍሳትና ዓለም የአምላክ አካል ናቸው፥ እውነተኞችም ናቸው ብሎ ተከራከረው። በ13ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ማድቫ ደግሞ በአምላክና በነፍስ መካከል ያለው ልዩነት ለዘለዓለም አይፈርስም አለ። ተቃዋሚዎቹ ሻንካራን «ስውር ቡድሃዊ» ብለው ሰድበውታል። ሁሉም አንድ ከኾነ ይህ ስድብ እንዴት ስድብ ሊኾን ቻለ?

የቡድሃ ትምህርት በርግጥ ሌላ ነውና። እርሱ ሰው የሚባለው የአምስት ነገሮች ክምችት ነው ይላል፤ እነርሱም አካል፥ ስሜት፥ ነገርን ለይቶ መገንዘብ፥ የፈቃድ ግፊት፥ ዐዋቂነት ናቸው። ከነዚህ በስተኋላ የሚኖር፥ የማይለወጥ ማንነት የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ህንድ ነግሦ የነበረው ግሪካዊ ሜናንድሮስ፥ በነርሱ አጠራር ሚሊንዳ፥ ከመነኵሴው ከናጋሴና ጋራ እንደ ተከራከረ የሚናገር መጽሐፍ አላቸው። መነኵሴው ንጉሡን በምን እንደ መጣ ይጠይቀዋል፤ በሠረገላ ነው። ሠረገላው መንኰራኵሩ ነውን? አይደለም። ቀንበሩ ነውን? አይደለም። እንግዲህ ሠረገላ ለተሰበሰቡት ዕቃዎች የወጣ ስም ብቻ ነው፤ ሰውም እንዲሁ። የሚወለደው ታዲያ ማን ነው ቢባል፥ ከመብራት መብራት ሲለኰስ የሚያልፍ ነገር እንደሌለ ያስረዳል። ክርክሩ ብልህ ነው፤ ብልህነቱን መካድ አይገባም። ነገር ግን ንስሓ የሚገባው፥ ይቅር የሚባለው፥ በትንሣኤ ቀን በስሙ የሚጠራው ማን እንደ ኾነ ለሚጠይቅ ሰው ሠረገላው ባዶውን ቆሟል።

ጃይኖች ለሁለቱም አይስማሙም። የቡድሃ ዘመን ሰው የነበረው ማሃቪራ፥ በነርሱ ቈጠራ ከመምህራኖቻቸው 24ኛውና የመጨረሻው፥ እንዳስተማራቸው ነፍሳት ቍጥር የላቸውም፤ በሰውና በእንስሳ ብቻ አይደለም፥ በዕፅ፥ በውሃ፥ በእሳት፥ በአፈርም አሉ። ካርማ የሚሉት የሥራ ዕዳ በነርሱ ዘንድ ረቂቅ ትቢያ ነው፤ ርጥብ ልብስ ላይ አቧራ እንደሚጣበቅ ከነፍስ ጋራ ይጣበቃል። ስለዚህ መነኰሳቱ ነፍሳት እንዳይረገጡ መንገዳቸውን እየጠረጉ ይኼዳሉ፤ ውሃም አጣርተው ይጠጣሉ። ከትቢያው የነጻች ነፍስ ወደ ዓለም ጫፍ ወጥታ ከማንም ጋራ ሳትቀላቀል ለብቻዋ ትኖራለች። ጾማቸውም ብርቱ ነው፤ ሳሌካና የሚባለው ግን ምግብን እየቀነሱ እስከ ሞት መድረስ ነው። በ2015 የራጃስታን ፍርድ ቤት ይህን ራስን መግደል ነው ብሎ ቢፈርድ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በዚያው ዓመት አግዶታል። ጾም በሁለቱም ዘንድ ጾም ይባላል፤ የአንዱ ፍጻሜ ግን የፋሲካ ማዕድ ነው።

እንግዲህ ስለ ነፍስ ቢጠየቁ ሻንካራ አንድ ነው ይላል፤ ቡድሃ የለም ይላል፤ ማሃቪራ ስፍር ቍጥር የለውም ይላል። ይህን ሁሉ አንድ ነው ማለት ሦስቱንም መስደብ ነው። ያ የወንዞችና የባሕር ምሳሌ በ1893 በሺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ በስዋሚ ቪቬካናንዳ አፍ በምዕራብ ተሰምቷል፤ ቪቬካናንዳም አድቫይታን የሚከተል ሰው ነበረ። ወንዙ ስሙን አጥቶ ባሕር ይኾናል ማለት ራሱ የአድቫይታ ትምህርት ነው፤ ማድቫም ማሃቪራም አይቀበሉትም። ስለዚህ በሁሉ መካከል ዳኛ መስሎ የተቀመጠው ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነው።

የሚስማሙበት ነገር ግን አለ፤ ሰው እየሞተ ደጋግሞ ይወለዳል፥ የሚወለድበትንም ኹኔታ ያለፈው ሥራው ይወስነዋል የሚለው ነው። ከወንጌል ጋራ ያለው ጽኑ ክርክርም ከዚህ ላይ ነው። በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ደቀ መዛሙርት ዕውር ኾኖ የተወለደውን ሰው አይተው በደሉ የርሱ ወይስ የወላጆቹ እንደ ኾነ ጠየቁ። ለህንድ ሊቅ ይህ ጥያቄ አያስቸግርም፤ ከመወለድ በፊትም መበደል ይቻላልና። ጌታ ግን ሁለቱንም ከልክሎ በምራቁ አፈር ለወሰ፥ ዐይኑንም ቀባው። ቡድሃ ደግሞ ሱባ የሚባል ወጣት አንዱ ድኻ አንዱ ባለጠጋ፥ አንዱ በሽተኛ አንዱ ጤነኛ የሚኾነው ስለ ምን ነው ብሎ በጠየቀው ጊዜ የየራሳቸው ሥራ ነው ብሎ መልሷል። ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት፥ በሌላ ስፍራ ሕመም ሁሉ ካለፈ ሥራ አይመጣም፤ ከሐሞትና ከአየር መለወጥም ይመጣል ብሏል። የህንዶች ርኅራኄም የታወቀ ነው፤ ጃይኖች በዴልሂ ለታመሙ ወፎች ሐኪም ቤት ሠርተዋል። ጥያቄው ስለ ልባቸው አይደለም፤ ስለ ትምህርቱ ነው።

ትምህርቱ ምን እንደሚያፈራ ያው ቻንዶግያ ይመሰክራል። ስለ ጨውና ውሃ ከሚናገረው ክፍል አስቀድሞ በ5ኛው ክፍል መልካም የሠሩ በካህናት፥ በጦረኞች ወይም በነጋዴዎች ወገን ማኅፀን እንዲያድሩ፥ ክፉ የሠሩ ግን በውሻ ወይም በእሪያ ወይም ቻንዳላ በሚባለው በተናቀው ወገን ማኅፀን እንዲያድሩ ይናገራል። ሰው ከውሻና ከእሪያ ጋራ በአንድ ተራ ተቈጠረ፤ ይህም እንደ ቅን ፍርድ ተቈጠረ።

እዚህ ላይ ህንዳዊው «እናንተስ?» ቢል መብት አለው። አንጥረኛውን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ብሎ ከማዕዱ ያራቀ ክርስቲያን ስለ ህንድ ወገን ልዩነት አፉን ከመክፈቱ በፊት ለገዛ ነውሩ መልስ ይፈልግ። ነገር ግን የርሱ ነውር በመጽሐፉ ላይ የተደረገ ዐመፅ ነው፤ ጌታው የጠራቢ ልጅ ተብሏልና። ወንጌልን ገልጦ ሊገሥጸው የሚችል ካህን አለ፤ ባይገሥጸው ካህኑ ይጠየቅበታል። በቻንዶግያ 5ኛ ክፍል የሚመካውን ሰው ግን በምን ይገሥጹታል?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የጠየቀው ከተናቀው ወገን በ1891 የተወለደው ቢምራኦ አምቤድካር ነው። የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ኾነ፤ በሕገ መንግሥቱም 17ኛ አንቀጽ ሰውን የማይነካ ርኩስ ነው ማለት ተሻረ። በኦክቶበር 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺሕ ከሚቈጠሩ ተከታዮቹ ጋራ የአባቶቹን ሃይማኖት ትቶ የቡድሃን ተቀበለ። በ1957 ከሞተ በኋላ በታተመው መጽሐፉም የድኻ ድኽነት ያለፈ ሕይወቱ ፍሬ ነው የሚለውን ትምህርት ከቡድሃ ትምህርት ለይቶ ጣለው። ሁሉም አንድ ነው የሚሉ ሰዎች ጥያቄያቸውን ለነዚያ ሰዎች ልጆች ያቅርቡ፤ የተዉትና የያዙት አንድ ከነበረ አባቶቻቸው በዚያ ቀን ወደ ናግፑር ስለ ምን መጡ?