ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

«የትኛው ይፈጥናል?» እና «የትኛው ያደርሰኛል?» የሚሉት ጥያቄዎች ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። የሁለቱን ልዩነት የሚያሳይ፣ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ምናልባት እንግዳ የሚሆን ምሳሌ ይዤ ቀርቤአለሁ። ስለ መኪና ጨዋታ ሳወራ፣ ውድ አንባብያን፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትከተሉኝ እለምናለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። እውነተኛውን መኪና በተቻለ መጠን አስመስሎ በተሠራ ፕሮግራም፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው ይሽቀዳደማሉ። ሊግ ያቋቁማሉ፤ የውድድር ዘመን ይወስናሉ። ዛሬ በጣልያኑ ሞንዛ፣ በሌላ ሳምንት በቤልጅጉ ስፓ ይገናኛሉ፤ ሁሉም ግን እቤቱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በየውድድሩ ነጥብ ይያዛል፤ በመጨረሻ ነጥቡ ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። በብዙዎቹ ሊጎች ተወዳዳሪው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ መኪና ይመርጣል፤ እስከ ፍጻሜውም በዚያው ይጸናል። ነገሩ ከጋብቻ ባይተካከል ከእጮኝነት አያንስም።

ታዲያ ወጣቱ በዚህ ምርጫ ላይ ሌሊቱን ሲያነጋ ምን ይፈልጋል? አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ከሁሉ የፈጠነችውን የአንድ ዙር ሰዓት። በዚያ መኪና እገሌ ይህን ያህል ሮጠ ሲባል ልቡ ወደዚያ ይሸፍታል። የእኔ አስተያየት ግን ይህ ቁጥር ከቁጥሮች ሁሉ ትንሹን እውነት የሚናገር ነው የሚል ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። በእነዚህ ሊጎች ከሚዘወተሩት ምድቦች አንዱ ጂቲ 3 የሚባለው ነው። በእውነተኛው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ሲሆን፣ የልዩ ልዩ ፋብሪካ መኪኖች በአንድነት የሚሮጡበት ምድብ ነው። አንዱ ሌላውን ፈጽሞ እንዳይበልጠው ደንቡ ያመዛዝናቸዋል፤ ለፈጣኑ ክብደት ይጨምርበታል፣ ወይም የሞተሩን ጉልበት ይቀንስበታል። ስለዚህ ዛሬ ፈጣን የተባለው ነገ ሸክም ይጫንበታል። የማይለወጠው የመኪናው ጠባይ ነው። ፖርሽ 911 ሞተሩን ከኋላ ጎማዎቹም አልፎ ከጀርባ ይሸከማል። ከኩርባ ሲወጣ መሬቱን ቆንጥጦ ይወረወራል፤ በኩርባው መሃል ደንግጦ ነዳጁን ለለቀቀ ሰው ግን ጅራቱን ያዞርበታል። ቢኤምደብልዩ ኤም 4 ሞተሩ ከፊት ነው፤ አካሉ ረጅም፣ አመሉም የረጋ ነው። ማክላረን 720ኤስ ደግሞ ሞተሩን ከነጂው ጀርባ፣ ከመሃል አስቀምጦ በፍጥነት ይታጠፋል። ሦስቱም የአንድ ዙር ሰዓታቸው ሊቀራረብ ይችላል። ሃያ ወይም ሠላሳ ዙር ከእነርሱ ጋር መኖር ግን ለየቅል ነው።

የውድድር ዘመን ደግሞ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። የእውነተኛው ፎርሙላ ዋን ታሪክ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ማይክ ሆውቶርን አንድ ውድድር ብቻ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ አራት ያሸነፈው ስተርሊንግ ሞስ በአንድ ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ቀረ። በ1982 ኬኬ ሮዝበርግ እንዲሁ በአንድ ድል ብቻ ዘውዱን ጫነ። በ1984 አለን ፕሮስት ሰባት ጊዜ ሲያሸንፍ ኒኪ ላውዳ አምስት ጊዜ ነው ያሸነፈው፤ ሻምፒዮን የሆነው ግን በግማሽ ነጥብ ብልጫ ላውዳ ነበር። እነዚህ ሰዎች ዝግተኞች ነበሩ ማለቴ አይደለም። የበለጡት ግን ያሸነፉበትን ቀን በማብዛት ሳይሆን፣ ያላሸነፉበትንም ቀን ባዶ እጃቸውን ባለመመለስ ነው።

ይህ የምርጫ ጥበብ ከባሕር ማዶ የመጣ አይምሰለን። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለችውን ጎብዬን የሚያውቅ ሰው፣ የራያ ቆቦ ገበሬ በየዓመቱ ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ያገኘዋል፤ የእርሱ ሊግ የክረምቱ ዝናብ ነው። ደጋሊት የሚባለው የአገሬው ማሽላ የተወደደ ነው፤ ግን ለመድረስ ረጅም ወራት ይፈልጋል። የበልጉ ዝናብ በጊዜው ከጣለ ገበሬው ደጋሊቱን ይዘራል። ዝናቡ ከዘገየ ልቡ እየወደደው ይተወዋል፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር ወይም ጤፍ ይመርጣል። በሬ ሲያጣምርም እንዲሁ ነው። የራያ በሬ በቀንዱና በቁመናው ዝነኛ ነው፤ አራሹ ግን ቀንድ ብቻ አይቶ አይገዛም። ከሌላው ጋር እኩል የሚራመደውን፣ ትልሙን የማይስተውን ይፈልጋል።

ደግሞም «ጎብዬ» የማሽላ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ለኢትዮጵያ ገበሬ ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ ይህን ስም ይዞአል። አቀንጭራ የተባለውን፣ የማሽላን ሥር እየጠባ የሚያደርቅ ጥገኛ አረም እንዲቋቋም የተዳቀለ ነው። ከዚህ ምርምር በስተጀርባ ያሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የዚህ ዘር ክብሩ አቀንጭራ በወረሰው መሬት ላይ መድረሱ ነው።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ሳያውቀው ይፈርዳል። መንገደኛው ሲገባ «ደረሰ» እንላለን፤ እህሉ ሲበስል «ደረሰ» እንላለን፤ መጽሐፍ የጻፈውንም «ደረሰ» እንለዋለን። የቃላቱን ሥር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ሦስቱም በአንድ ድምፅ መጠራታቸው ብቻ ይበቃኛል። ጥሩ መስመር የጻፈ ሁሉ ደራሲ አይባልም፤ አንድ ዙር የፈጠነም ሁሉ አልደረሰም።

አበበ ቢቂላም ምስክራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ የሮጠው ለትርኢት አልነበረም። አዲሱ ጫማ እግሩን እንደላጠው፣ በባዶ እግሩም መሮጥን ቀድሞ እንደለመደው ይነገራል። አዲሱንና ያማረውን ትቶ እግሩ የሚያውቀውን መረጠ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድም ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ እንደገና አሸነፈ። ነገሩ የጫማ መኖርና አለመኖር አልነበረም ማለት ነው፤ የሚያውቀውን ይዞ መቅረቡ ነው።

ስለዚህ ሊግ ሊገባ ላሰበ ወጣት፣ በጎብዬም ይሁን በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ላለ፣ የምመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንድ ዙር ሳይሆን ሃያ ዙር ነድተህ ፈተና ስጠው፤ ከምርጡ ዙርህ ይልቅ በምርጡና በመጥፎው መካከል ያለውን ርቀት ተመልከት። ሁለተኛ፣ በምትወደው ሜዳ ሳይሆን በምትጠላው፣ ጎማው ባለቀበት፣ ታንኩ በሞላበት ሰዓት ሞክረው። ሦስተኛ፣ ያለህን ዕቃና መስመር አትርሳ። መሪና ፔዳል የሌለው፣ በጆይስቲክ የሚጫወት ሰው ጅራቱን የሚያዞር መኪና ቢመርጥ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ውድድሩን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር አውሮፓ ተቀምጦ የአንተ መስመር የሚቆራረጥ ከሆነም፣ መኪናህ በሌሎቹ ዓይን እየዘለለ ይታያል፤ ያን ጊዜ ጎን ለጎን ተፋፍጎ የሚነዳ ሳይሆን ቦታ ሰጥቶ ረግቶ የሚሄድ ይጠቀማል።

«ታዲያ ፍቅርስ የት ገባ? ልብ የወደደውን መኪና በሒሳብ መተው አይከብድም?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በዚያው በ1958 ውድድር ውስጥ አለ። ፖርቱጋል ላይ ዳኞቹ የሆውቶርንን ውጤት ሊሰርዙበት ሲያስቡ፣ ሞስ ራሱ ቀርቦ ለተቀናቃኙ መሰከረለት። ያ ምስክርነት የዓለም ሻምፒዮንነትን አስከፈለው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል። ስለዚህ ከነጥብ በላይ ነገር የለም አልልም። የምለው፣ ፍቅር ከሆነ ዕውቀት ይኑረው ነው። ጠባዩን ሳያውቁ በመልኩ ብቻ የወደዱት መኪና በመጀመሪያው ዝናብ ይከዳል። ፖርሹን የሚወድ ሰው ነዳጁን መቼ መልቀቅ እንደሌለበት እስኪያውቅ ድረስ ብዙ ሌሊት ይክፈልለት፤ ያን ጊዜ ምርጫው የእኔንም ምስጋና ያገኛል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለው በፈረሳቸው ስም ተጠሩ። ሰው የሚጋልበውን ሲመርጥ የሚጠራበትንም ስም ይመርጥ ነበር። ፈረሱ ቢያሳፍር ስሙ ያፍራል።

እኛስ? አይሱዙ በየጎዳናው በሚበርበት ዘመን ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ሰየመው፤ ሲኖትራክን ደግሞ «ቀይ ሽብር» አለው። ስሙ ለመኪናው ወጣ እንጂ ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም፤ «የትኛው ይፈጥናል?» ብቻ ብሎ መሪ የጨበጠው እጅ ነው። በጎብዬ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የገበያተኛ፣ የተማሪና የከብት መንገድም ነው። በጨዋታው የተጋጨ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደገና ይጀምራል። በዚያ ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም።

አንዳንዶች የመኪና ጨዋታ ልጆቻችንን ለፍጥነት ያሰለጥናል ብለው ይሰጋሉ። የአንድ ዙር ፉክክር ከሆነ ሥጋታቸው ልክ ነው። የሊግ ዘመን ግን ተቃራኒውን ሊያስተምር ይችላል፤ ፍሬን ቀድሞ መያዝን፣ ለሌላው ቦታ መስጠትን፣ ከማያሸንፉበት ቀን ሦስት ነጥብ ይዞ መመለስን። ከመቶ ወጣቶች አንዱ እንኳ ይህን ተምሮ ነገ የእውነተኛ አይሱዙ መሪ ቢጨብጥ፣ ጨዋታው ዋጋውን ከፍሏል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላል ተረቱ። መኪናውም ያው ነው፤ የሚዋጋው የተቀመጠበት ሰው ነው። ስለዚህ የሚያደርሰውን ይምረጥ።