ክብሪቱን ጣሉት፣ ክኒኑን አምጡት!

ባለፈው ሰሞን ሜክሲኮ አካባቢ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ወጣት ድንገት ተንዘፍዝፎ ወደቀ። ሰልፉ ተበተነ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ደቀነ። ሌላው ጥርሱን በቁልፍ ሊፈለቅቅ ታገለ። አንዲት እናት ደግሞ “ኧረ ለሃጩ እንዳይነካችሁ፣ ይጋባል!” እያሉ ጮኹ። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ነቃ። አቧራውን አራግፎ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ፣ እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ለመሆኑ ምን ሰርቆ ነው የሚያፍረው?

የሚጥል በሽታ በለሃጭ አይጋባም። የጋኔን ሥራም፣ የዘር እርግማንም አይደለም። የአንጎል ሕዋሳት የሚለዋወጡት የኤሌክትሪክ መልእክት ለአፍታ ሲናወጥ የሚመጣ ሕመም ነው። የወደቀን ሰው ከእሳት፣ ከውሃና ከመኪና መንገድ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመጨመር ይበቃል። መንዘፍዘፉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ክብሪት ግን ሕክምና ሆኖ አያውቅም!

ሕዝቡን ብቻ አንወቅስም። የሚያውቁትስ ምን ሠሩ ብለን እንጠይቃለን እንጂ።

ነገሩ አልተጠናም እንዳይባል ተጠንቷል። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመሩ ባለሙያዎች በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ አዳርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ የሆነው ውጤት ከ1 ሺህ ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት አሳየ። ከተገኙት 316 ሕሙማን መካከል የታወቀ የዘመናዊ ሕክምና መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ይህ ከተነገረ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው።

መድኃኒቱ ብርቅ ነው እንዳይባልም አይደለም። ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን ለዚህ ሕመም መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ከርካሽ መድኃኒቶች አንዱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ተመርምረው ከታከሙ ከመቶ ሕሙማን እስከ 70ዎቹ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

ምርመራውም ቢሆን ከመሣሪያ በፊት የሚሻው ጆሮ ነው። ሲወድቅ ያየው ሰው እንዴት እንደጀመረው፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ሲነቃ ምን እንደሆነ በደንብ ከተናገረ፣ የሠለጠነ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይነሳል። በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ በተካሄደ ፕሮጀክት የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ይህንኑ ሥራ ሠርተዋል። በየገጠሩ የአንጎል ስፔሻሊስት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? አንድ ወዳጃችን ለእህቱ ልጅ ክኒን ፍለጋ ጤና ጣቢያ ሄዶ “አልቋል፣ በሌላ ሳምንት ተመለስ” ተባለ። ተመለሰ። “አልመጣም” ተባለ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ይህ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲገኝ የሚዋጥ፣ ሲጠፋ የሚተው አይደለም። በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፤ ሳያቋርጥ የሚያንዘፈዝፍና ሕይወት የሚቀጥፍ መውደቅም ሊያስከትል ይችላል። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፣ ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ጠበልና ክኒን አልተጣሉም።

አገራችን አባል የሆነችበት የዓለም የጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 የሚጥል በሽታንና ሌሎች የአንጎልና የነርቭ ሕመሞችን የሚመለከት፣ እስከ 2031 የሚዘልቅ ዕቅድ አጽድቋል። ጄኔቭ ላይ እጅ ማውጣት አይከብድም። የሚከብደው ክኒኑን ከገጠር ጤና ጣቢያ መደርደሪያ አለማጥፋት ነው።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር ሆይ፣ ሕንፃና ሪባን አልጠየቅንህም። ይህ ክኒን አንድ ቀን እንኳ እንዳያልቅ አድርግ። ነርሶችህን አሠልጥን። ትምህርት ቤትም ተማሪ ወደቀ ብሎ ከክፍል እንዳያባርር ተናገር።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላል ያገሬ ሰው። በሽታውን ሳይደብቅ ደጃችሁ ለመጣው ሰው መድኃኒቱን ያሳጣውስ ምን ይባል?