የካቢኔት በር በጠርዙ ይመረጥ

የወጥ ቤት ካቢኔት ሊያሠራ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት የቀለም ናሙና ነው። ነጭ፣ ግራጫ፣ እንጨት መሳይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ማት። ታናሽ እህቴ የኮንዶሚኒየም ቤቷን ወጥ ቤት ስታሳድስ አብሬያት ስዞር ያየሁትም ይህንኑ ነው። ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ፣ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካኑ የት እንደሚደረደር፣ ወለሉ በውሃ ይታጠብ ወይስ በመወልወያ ይታበስ፣ ማንም አልጠየቃትም። በሩን መምረጥ ያለብን ግን በእነዚህ ጥያቄዎች ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙው የካቢኔት በር የሚሠራው ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ ነው። ኤምዲኤፍ የእንጨት ቃጫ በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀትና በግፊት የተጠፈጠፈ ጣውላ ነው፤ ቺፕውድ የሚሠራው ከእንጨት ፍርፋሪ ነው። ፊታቸው ላይ የተለጠፈው ሽፋን ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ውሃ አያሳልፍም። ውሃ የሚገባው በጠርዝ በኩል ነው። ጠርዙ አንዴ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም፣ ከዚያ ሽፋኑ መላጥ ይጀምራል። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን በር ክፈቱና የታችኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱት። ለስላሳ የፕላስቲክ ጥብጣብ ሳይሆን ሸካራው ጣውላ ራሱ ካገኛችሁ ያ በር ብዙ አይቆይም። የታችኛው ጠርዝ ለዓይን ስለማይታይ ሳይሸፈን ይታለፋል፤ ወለል በውሃና በሳሙና ሲታጠብ መጀመሪያ የሚረጥበው ደግሞ እሱ ነው።

አረንጓዴው ኤምዲኤፍ «ውሃ የማይፈራ» እየተባለ ይሸጣል። ከተራው ይልቅ እርጥበት መቋቋሙ እውነት ነው፤ የሚቋቋመው ግን በሙጫው ምክንያት ነው። አረንጓዴው ቀለም ለመለያ የተጨመረ እንጂ ውሃ የሚመልሰው እሱ አይደለም። ስለዚህ ቀለሙን አይቶ ከማመን ቁራጭ ለምኖ ቤት መውሰድ ይሻላል። 18 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቁራጭ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ አሳድሩትና ጠዋት ውፍረቱን ለኩት። ቁራጭ ለመስጠት የሚያቅማማ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።

ከውሃው ቀጥሎ እንፋሎት አለ፤ ይህ የእኛ ጉዳይ ነውና ከውጭ በመጣ ካታሎግ ላይ አይገኝም። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር ትኩስ እንፋሎት ሽቅብ ይወጣል፣ ይህም እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ድረስ ይደጋገማል። በስስ ፒቪሲ የተለበጠ በር ከምጣድ በላይ ከተሰቀለ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል፤ መጀመሪያ ማዕዘኑ ይነሣል፣ ቀጥሎ ፊቱ በሙሉ ይገለበጣል። እኔ ምጣድ ካለበት ግድግዳ ላይ በር ያለው ካቢኔት ጨርሶ እንዳይሰቀል እመክራለሁ። «ክፍት ከሆነማ እቃው አቧራ ይጠጣል፣ እትዬ» አለችኝ እህቴ። እውነቷን ነው። ስለዚህ እዚያ ክፍት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ሰፌድ፣ ማሰሻና በየጊዜው የሚነሣ እቃ ይሁን፤ አቧራ ለመጠጣት ጊዜ የለውም።

ወደ ምድጃው ስንመጣ ሽንኩርት ለረጅም ሰዓት የሚቁላላበት፣ በርበሬና እርድ የሚበተንበት ወጥ ቤት ነው ያለን። በሩ ላይ የተቀረጸ አበባና የተቦረቦረ መስመር ሁሉ ዘይትና በርበሬ ይሰበስባል፤ ሲደርቅ በጨርቅ አይወጣም፣ በሽቦ ሲፈተግ ደግሞ ቀለሙ አብሮ ይሄዳል። ነጭ ቀለም በተቀባ በር ላይ ያረፈ የእርድ ጣት ቶሎ ካልተጠረገ ቢጫው ይቀራል። ለዚህ ነው ከምድጃው አጠገብ ሜዳ የሆነ፣ ምንም ቅርጽ የሌለበት የፎርማይካ በር የምመርጠው። ፎርማይካ የድሮ ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ከሥራ በኋላ በአንድ እርጥብ ጨርቅ የሚጸዳ በር ያምራል። ደግሞም ያንን ጨርቅ የምትይዘው ሴት፣ የቤቱ እመቤትም ትሁን ሠራተኛዋ፣ ከመመረጡ በፊት ልትጠየቅ ይገባል። ስንቱ ቤት በሩን የሚመርጠው ሽንኩርት ከትፎ የማያውቅ ሰው ነው!

«የለም፣ እኔ እንጨት ነው የምፈልገው፣ ዋንዛ ይሁንልኝ» የሚል አይጠፋም። ዋንዛ የሚያምር፣ ለአናጢ የሚታዘዝ እንጨት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ እሱ ነው፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ ናቸው። ከየት እንደተቆረጠ ሳይታወቅ ዋንዛ ቤቴ አይገባም። የትኛውም እንጨት ቢሆን መድረቁን፣ መሐሉ ላይ ያለው ገበታም በኮላ ሳይጣበቅ ፍሬሙ ውስጥ ላላ ብሎ መቀመጡን ጠይቁ። እንጨት ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይኮማተራል፤ መላወሻ ካጣ ይሰነጠቃል።

ገንዘብ ለሁሉም እኩል አይበቃም። እኔ ከላይ ለሚሰቀሉት፣ ብርጭቆና ሰሃን ለሚሸፍኑት በሮች ርካሹን እወስድና ትርፉን ከታች ላሉት፣ በተለይም ከእቃ ማጠቢያው ሥርና ከጄሪካኑ አጠገብ ላሉት አውለዋለሁ። ማጠፊያም ላይ አልቆጥብም፤ ቺፕውድ ላይ የላላ ብሎን ዳግመኛ አጥብቆ አይዝም።

ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የጣውላው ዓይነትና ውፍረት፣ የማጠፊያው ዓይነት፣ አራቱም ጠርዞች እንደሚሸፈኑ ውሉ ላይ ይጻፍ። በሮቹ ተሠርተው ሲመጡ ከመገጠማቸው በፊት አንድ በአንድ ተገልብጠው ይታዩ፤ ቀሪው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይሁን።